ዋስ ያገኘሁት ከዳማ ጠረጴዛ ነው

ሀገር ቤት ያሉ ጓደኞቼ በደወሉ ቁጥር ከሰላምታው ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፦ «እንጀራ ቤት ከፍተሻል አሉ፤ ገንዘቡን ባንክ ነው የሰጠሽ?» ሰሞኑን ደግሞ አብሮ አደጌ ዳማ ስጫወት የተነሳሁትን ፎቶግራፍ አይታ «አሜሪካ ድረስ ሄደሽ ቆርኪ ትገፊያለሽ?» ብላ ሳቀች። የሁለቱም ጥያቄ መልስ አንድ ነው። በስልክ ለማስረዳት ብሞክር አልሆነልኝም፤ ስለዚህ ልጻፈው።

የምኖረው ከዋሽንግተን ዲሲ ወንዙን ተሻግሮ ባለችው በአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። የእኛ ሰው በብዛት ስለሰፈረበት በርበሬውም ሽሮውም ዕጣኑም በእግር መንገድ ይገኛል። በዲቪ መጥቼ ቀን የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ፣ ማታ የመኪና ማቆሚያ ሒሳብ ተቀባይ ሆኜ ስሠራ እንጀራ የምጋግረው ለራሴና ለጎረቤቶቼ ነበር። ምጣዴ እንኳን ለእንጀራ የተሠራ አልነበረም። የኖርዌይ ዝርያ ያላቸው አሜሪካውያን ለፍሰ የሚሉትን ስስ የድንች ቂጣቸውን የሚጋግሩበት ክብ የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው፤ ከእኛ በፊት የመጡ እናቶች ገበያ ላይ አይተው ለእንጀራ አዋሉት። ጤፉም ቢሆን ኢትዮጵያ ውስጥ ሠርቶ የተመለሰ አንድ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አይዳሆ ውስጥ ማልማት የጀመረው ነው። የኛ እናቶች ብልሃት የማይደርስበት የለም ስል በኩራት ነው።

እንጀራዬን የቀመሰ ሁሉ «ለምን አትሸጪም?» ይለኝ ጀመር። ፈቃድ ያለው ወጥ ቤት ለመከራየትና ትልልቅ ምጣዶች ለመግዛት ገንዘብ ያስፈልግ ስለነበር ወደ ባንክ ሄድኩ።

ያን ቀን አልረሳውም። የደመወዝ ደረሰኞቼን በፋይል አስተካክዬ፣ ለበዓል የማወጣውን ቀሚስ ለብሼ ወጣቷ ሠራተኛ ፊት ተቀመጥኩ። ኮምፒውተሯን አየችና «የብድር ታሪክ የለሽም» አለችኝ። ቀና ብዬ «በሕይወቴ የሰው ገንዘብ ተበድሬ አላውቅም» ብዬ መለስኩላት። ያደግኩት በዚህ ነው። ደሴ ሰፈራችን ውስጥ አንዲት ሴት ስትመሰገን ከሙያዋ ቀጥሎ የሚነሳው የማንም ዕዳ የሌለባት መሆኗ ነው። ልጅቷ በርኅራኄ ተመለከተችኝና «እኮ፣ ችግሩ እሱ ነው» አለችኝ።

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሌባ ብትለኝ እከራከራለሁ፤ እኔ ግን የታየሁት እንደ ሌባ ሳይሆን እንዳልተወለደ ሰው ነው። አምስት የብድር ካርድ በኪሱ ይዞ ከወር ወር ዕዳ የሚያዟዙር ሰው እዚህ ሀገር የታመነ ነው፤ በላቧ የምታድር ሴት ግን ማን እንደሆነች አይታወቅም። በኋላ ነገሩን ሳስበው ባንኩ ክፋት እንደሌለበት ገብቶኛል። ሰው መመለሱን እንጂ አለመበደሩን የሚመዘግብ ወረቀት የላቸውም፤ እናቴን አያውቋትም፣ ሰፈሬን አያውቁትም። ቢሆንም ያ የርኅራኄ አስተያየት እስከ ዛሬ ሆዴ ውስጥ አለ።

ያን ሰሞን እሑድ እሑድ የምሄድባት አንዲት የሀበሻ ቡና ቤት ነበረች። ከኋላዋ ካርቶን ላይ በተሠመረ ሰሌዳ ዳማ ይጫወታሉ፤ የአንዱ ተጫዋች ቆርኪ በጀርባው፣ የሌላው በሆዱ ይደረደራል። ሀገር ቤት ዳማ የወንዶች ነበር። እኔ ወንድሞቼ ዛፍ ሥር ሲጫወቱ ውኃ እያቀበልኩ በዓይኔ ነው የተማርኩት። እዚህ ግን አንድ ቀን ተጫዋች ጎደለና «ነይ እስቲ እህቴ፣ ተቀመጪ» አሉኝ። ተቀመጥኩ። ተሸነፍኩም። በሚቀጥለው እሑድ ተመልሼ ሄድኩ።

የኛን ጨዋታ ለማያውቅ ሰው ጠብ ይመስላል። ሁለት ሰው ይጫወታል፣ ስድስት ሰው ከኋላ ቆሞ ያጫውታል፣ የተሸነፈው ከአሸናፊው ይልቅ ይጮኻል። ሰባት ሰዓት ተብሎ የተቀጠረው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይጀመራል። አሜሪካውያን የሥራ ባልደረቦቼም ቤታቸው ለጨዋታ ጋብዘውኛል፤ ቀጠሮው የተያዘው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። መጀመሪያ ደንቡ ከወረቀት ይነበባል፣ ተራ ይጠበቃል፣ የተሸነፈ አሸናፊውን ጨብጦ ያመሰግናል፣ ልክ በሰዓቱ ሁሉም ካፖርቱን ይለብሳል። መጨባበጡን ወድጄላቸዋለሁ፤ እኛም ብንለምደው አንጎዳም። ነገር ግን እንዲህ ባለ ምሽት ሰው የጎረቤቱን ችግር መቼ ይሰማል?

እኛ ጠረጴዛ ላይ ይሰማል። የባንኩን ነገር የነገርኳቸው ቆርኪ እየደረደርኩ ነው። ሁሉም በአንድ አፍ ባንኩን ረገመ፤ ይህ የተለመደ ነው። ጋሽ የምንላቸው አዛውንት ግን ዝም ብለው ቆዩና «እቁባችን ምን ይሠራል?» አሉ። ጠረጴዛው የራሱ እቁብ ነበረው፤ እኔ ገና መግባቴ ነው። የዚያ ሳምንት ዕጣ የወጣለት የታክሲ ሾፌር ወንድማችን «እኔ አልቸኩልም፣ እሷ ትውሰደው» አለ። ሰብሳቢው እንደ ደንቡ ዋስ ጠየቀ። ጋሽ ተነሱና እንዲህ አሉ፦ «ይህች ልጅ አንድ ቀን እንኳን የገፋችውን ቆርኪ ልመልስ ብላ አታውቅም። ስታሸንፍ አትፎክርም፣ ስትሸነፍ ሰሌዳ አትገለብጥም። ዋሷ እኔ ነኝ።»

ባንኩ ያጣብኝን ታሪክ እኚህ ሰው ከቆርኪ አነበቡት። ሰው ሲጫወት ራሱን አይደብቅም። ማን እንደሚያጭበረብር፣ ማን በአንድ ሽንፈት እንደሚኮበልል፣ ማን ታግሦ እንደሚያስብ እሑድ እሑድ በግልጽ ይታያል። እኔንም ለውጦኛል። ድሮ ሰው ፊት መሸነፍ ሞት ይመስለኝ ነበር፤ ስለዚህ የማላሸንፍበትን አልሞክርም። በየሳምንቱ ሰው እያየኝ ተሸንፌ ቡና ገዝቼ መሳቅ ስጀምር «እንጀራዬን ትወስዳላችሁ?» ብዬ በማላውቀው ሱቅ ደጃፍ መቆም ቀለለኝ። አንዱ «አንፈልግም» ሲለኝ ወደ ቀጣዩ እሄዳለሁ።

ከኋላ ቆመው የሚያጫውቱትም ለንግዴ ጠቀሙኝ። ከመካከላቸው ሀገር ቤት ሒሳብ ሠራተኛ የነበረ፣ እዚህ መኪና የሚነዳ አንድ ሰው አለ። ጤፉን፣ መብራቱን፣ ቤንዚኑን ከደመረ በኋላ «የራስሽን ድካም የት ጻፍሽው?» አለኝ። ሴት ልጅ ድካሟን በገንዘብ ስትተምን እኛ ቤት አልታየም። ጻፍኩት፤ ዋጋዬም በዚያ ተስተካከለ። እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ በየበጋው በሰሜን አሜሪካ ከተሞች እየተዘዋወረ በሚካሄደው የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ውድድር ላይ እንጀራዬን ስሸጥም አብረውኝ ቆመው ያሸጉት የጠረጴዛው ሰዎች ናቸው። እውነቱን ለመናገር ኳሱን ያየ ከመካከላችን አልነበረም።

አሁን ዲቪ ደርሷችሁ ወይም በሌላ መንገድ ለመምጣት ሻንጣ ለምታዘጋጁ ልናገር። ሁለት ሥራ መያዝ ግድ ይሆንባችኋል፤ እሑድን ጨምሮ ሰባቱንም ቀን አትሽጡ። ብቻውን ሠርቶ ብቻውን ተኝቶ፣ ሲታመም የሚደውልለት ሰው ያጣ ወገን እዚህ ብዙ ነው። በገንዘብ ከሚጫወቱ ሽሹ፤ የሳምንት ደመወዙን ለካርታ አስረክቦ የወጣ ወንድም አይቻለሁ። እቁብም ቢሆን በዓይናችሁ ካልመዘናችሁት ሰው ጋር አትግቡ። ዕጣውን ወስዶ ግዛት የቀየረ አለ፤ የሚከፍለው ዋሱ ነው። ባንክም አይቅርባችሁ፤ ገንዘባችሁን መያዣ አድርጎ የሚሰጠውን ካርድ በመጣችሁበት ሰሞን አውጡ፣ ጥቂት ተጠቀሙበት፣ በወሩ ክፈሉ። እኔን የነገረኝ አልነበረም።

ለእህቶቼ ደግሞ ለብቻ የምለው አለኝ። ወንዶች ሲጫወቱ ቡና አቅርባችሁ አትመለሱ። ወንበር ስባችሁ «ቀጣዩን ከእኔ ጋር» በሉ። አሌክሳንድሪያ ከመጣችሁ በእኛ ጠረጴዛ ዙሪያ ሁልጊዜ ወንበር አለ፤ ቡና የሚገዛው የተሸነፈው ነው።