ለኳስ ተጫዋቹም ለእማማም የሚሆን መንገድ፦ ከኤስቴስ ፓርክ የሃይኪንግ ልምዴ

ኮሎራዶ ውስጥ አውሮራና ዴንቨር ለምንኖር ሰዎች ኤስቴስ ፓርክ የምትባለው ከተማ በመኪና ሁለት ሰዓት አይሞላም። ከተወሰነ ጊዜ ወዲህ በሰመር ቅዳሜ ቅዳሜ እየተጠራራን አጠገቧ ወዳለው ሮኪ ማውንቴን ብሔራዊ ፓርክ መውጣት ጀምረናል። ፈተናው መንገዱ አይደለም፣ የሚመጣው ሰው ነው። በየሳምንቱ ኳስ የሚጫወቱ ወጣቶች አሉ፣ ሕፃን በጋሪ የሚገፉ ባልና ሚስት አሉ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ጋሼ አሉ፣ ከአዲስ አበባ ልጃቸውን ሊጠይቁ የመጡ እማማ ደግሞ «እኔም እሄዳለሁ» ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ከሁሉም ቀድመው መኪና ውስጥ ይገባሉ። ለእንዲህ ዓይነት ቡድን መንገድ መምረጥ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ እስካሁን የገባኝን ላካፍላችሁ።

ኪሎ ሜትር ብቻ አትዩ። ጄም ሌክ ለመድረስ 2.7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ኤመራልድ ሌክ 2.9 ገደማ። ሲያዩት ጄም የሚቀል ይመስላል። ግን ጄም በዚያች አጭር መንገድ 300 ሜትር ያህል ሽቅብ ያስወጣችኋል፣ ኤመራልድ 200 ገደማ ነው። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ በጄም መንገድ ሐይቁ ያለው ጫፍ ላይ ብቻ መሆኑ ነው። መሃል ላይ የደከመው ሰው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ቁልቁል ከተማውን ያያል እንጂ «ደርሻለሁ» የሚልበት ቦታ የለውም፤ ስለዚህ ወይ እልህ ይዞት ከአቅሙ በላይ ይወጣል፣ ወይ ሁሉም ለእሱ ሲል ይመለሳል።

ኤመራልድን የምወደው በዚህ ነው። መነሻው ቤር ሌክ ነው፣ እሱ ራሱ ሐይቅ ነው፣ ዙሪያውን ቀስ ብሎ ለመዞር አንድ ኪሎ ሜትር ከትንሽ ነው። ሽቅብ 800 ሜትር ስትሄዱ ኒምፍ ሌክ አለ፣ 1.8 ኪሎ ሜትር ላይ ድሪም ሌክ፣ መጨረሻ ላይ ኤመራልድ። ማንም ሰው የትም ቢቆም የራሱ ሐይቅ አለው! ጎበዞቹ ኤመራልድ ደርሰው በዚያው መንገድ ሲመለሱ ሌሎቹን በየሐይቁ እየለቀሙ ይወርዳሉ። አንድ ነገር ብቻ፦ ብቻውን የሚቀር ሰው አይኖርም፣ ሁለት ሁለት ሆኖ ነው የሚቀረው።

ጋሪ ካለ ወይም ጉልበት እምቢ ካለ ስፕሬግ ሌክ። ዙሪያው ሜዳ ነው፣ ዊልቸር ይሄድበታል፣ አግዳሚ ወንበሮች አሉት።

ስለ ከፍታ ደግሞ ሁሌ የማይጠፋ ጨዋታ አለ፤ «እኛ የደጋ ልጆች ነን፣ ምን ይነካናል» ይባላል። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር አካባቢ ናት፣ ኤስቴስ ፓርክ ከተማው 2,290፣ ቤር ሌክ 2,890 ገደማ። በቅርቡ ከአዲስ የመጡት እማማ እያወሩ ሲወጡ፣ ከዳላስ የመጣው ወጣት ግን ወገቡን ይዞ ይቆማል። ሰውነት ቆላ ሲከርም የለመደውን ይረሳል። ከዝቅተኛ ቦታ በዚያው ሳምንት ለመጣ እንግዳ፣ ጡንቻው ምንም ቢሆን፣ መጀመሪያ ስፕሬግ ወይም ኒምፍ ነው የምመርጥለት።

ጁላይና ኦገስት ከሰዓት በኋላ መብረቅ የተለመደ ነው፤ እኔ ከቀትር በፊት ወርዶ የመጨረስ ሰው ነኝ። እዚህ ላይ የኛ ነገር ይመጣል፦ ፍልሰታ ከኦገስት 7 እስከ 21 ነው፣ በደንብ የሚጾሙት ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም አይቀምሱም። ጠዋት በባዶ ሆድ ሽቅብ፣ ከሰዓት መብረቅ። ስለዚህ በፍልሰታ ከስፕሬግ አላልፍም፣ «ኧረ እንችላለን» ቢሉኝም። በሌላው ጊዜ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ይበቃል፣ ከሱቅ ቸኮሌት ይልቅ እሱ ይሻላል።

ሜይ ውስጥ፣ አንዳንዴም ጁን ገብቶ፣ ከኒምፍ በላይ ተረግጦ የጠነከረ በረዶ ይኖራል። ጫማ ላይ የሚታሰር ጥርስ ያለው ብረት ካልያዛችሁ አረጋውያንን አትውሰዱ።

መግቢያው፦ ባለፉት ዓመታት ከሜይ መጨረሻ እስከ ኦክቶበር አጋማሽ ለቤር ሌክ መንገድ ሰዓት ያለው ፈቃድ አስቀድሞ ሬክሪኤሽን ዶት ጎቭ (recreation.gov) በሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ይያዛል፤ የሚጠየቀው ከንጋቱ 11 እስከ ምሽቱ 12 ለሚገባ ነው፣ በሀበሻ ሰዓት። እማማን ከ11 በፊት ማድረስ አይከብድም። ወጣቶቹን ነው እንጂ። ላይኛው ፓርኪንግ ቶሎ ስለሚሞላ መኪናውን ታች አቁመን በፓርኩ አውቶቡስ እንወጣለን፤ ፈቃዱ ግን ያኔም ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ልሞክረው ያሰብኩት የግሌሲየር ጎርጅ መንገድ ነው። አልበርታ ፏፏቴ 1.3 ኪሎ ሜትር ላይ ስላለ ለአብዛኛው ሰው ይሆናል፣ ጎበዞቹ ደግሞ ወደ ሎክ ሐይቅ ይቀጥላሉ። ያልፈታሁት ከፏፏቴው እስከ ሎክ ያለው ረጅም መሆኑን ነው፤ ታች የቀሩት ብዙ ሰዓት ይጠብቃሉ። ከሽማግሌዎች ጋር የሄዳችሁበት ካላችሁ ፏፏቴው ጋ አቆያችኋቸው ወይስ በአውቶቡስ ወደ ስፕሬግ ላካችኋቸው?