ዌብሳይት ዲዛይን ለምትጀምሩ፦ ከስልኩ ጀምሩ

ዌብሳይት ዲዛይን ለመማር ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን ልማር?» ብሎ ነው። መልሱን የማያውቅ የለም። የገጹ ይዘት የሚጻፍበት ኤችቲኤምኤል፣ ከዚያ መልኩን የሚሰጠው ሲኤስኤስ፣ ከዚያ ገጹ ሲነካ ምላሽ እንዲሰጥ የሚያደርገው ጃቫስክሪፕት። ልክ ነው፤ እኔም የምለው ያንኑ ነው። «በየትኛው ስክሪን ላይ እየሠራሁ ልማር?» ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። እኔን ያስተማሩኝ ሰዎችም አላነሱትም። በዚህ የተነሳ ከተማርኩት ውስጥ ግማሹን መልሼ ማፍረስ ነበረብኝ። እስካሁን ሳስበው ያናድደኛል።

ቀላሉን ቶሎ ልለፈው። የሚያስፈልጋችሁ በሙሉ በነጻ ይገኛል። ኮድ መጻፊያውን ቪኤስ ኮድን አውርዱ፣ ክሮም ወይም ፋየርፎክስ ይኑራችሁ፣ አንድ ፎልደር ክፈቱና ውስጡ «ኢንዴክስ» (index.html) የሚባል የኤችቲኤምኤል ፋይል ፍጠሩ። አለቀ። የፋይል ስም ስትሰጡ ሁሉንም በትንንሽ ፊደል ጻፉ፣ ክፍት ቦታም አታስገቡበት። ዌብሳይቱ የሚቀመጥበት ኮምፒውተር፣ ሰርቨር የሚባለው፣ አብዛኛው የሚሠራው በሊኑክስ ነው። ሊኑክስ ደግሞ የእንግሊዝኛውን ትልቅና ትንሽ ፊደል ለይቶ ነው የሚያየው። ኮምፒውተራችሁ ላይ ቁልጭ ብሎ የታየው ፎቶ እዚያ ሲደርስ ድራሹ ይጠፋል።

ኤችቲኤምኤል ላይ ብዙ አትቆዩ። የገጹን ክፍሎች የሚሰይሙ ከመቶ በላይ ምልክቶች፣ ታግ የሚባሉት፣ አሉት፤ በየቀኑ የምትጠቀሙበት ግን ከሃያ አይበልጥም። ርዕስ፣ አንቀጽ፣ ሊንክ፣ ፎቶ፣ ዝርዝር፣ ፎርም፣ የገጹን ክፍሎች የሚለዩት ታጎች፣ በቃ። እኔ የገባሁበት ማሠልጠኛ ሁሉንም በቃል አስጠንቶ በወረቀት ፈተነን። ኮድ በወረቀት! የረሳችሁትን ኤምዲኤን በሚባለው የዌብ ማጣቀሻ ድረ ገጽ ላይ በደቂቃ ታገኙታላችሁ። ማንም ባለሙያ በቃሉ አይሠራም።

ሲኤስኤስ ላይ ስንደርስ ነው ነገሩ የተበላሸው።

ማሠልጠኛው ለሁላችንም አንድ መነሻ ፋይል ሰጠን። የገጹ ወርድ 1200 ፒክሰል ተብሎ ተቆርጦ ተቀምጧል። ሁለት ዓምድ አለው፣ ከላይ ሜኑ፣ ከታች የእውቂያ አድራሻ። በእሱ ላይ እየጨመራችሁ ሥሩ ተባልን። ሠራን። የእኔ የመጨረሻ ሥራ ለአንድ ምናባዊ ፎቶ አንሺ የሚሆን ገጽ ነበር። በፕሮጀክተር ታየ፣ ተጨበጨበ፣ ጥሩ ማርክ ተሰጠው። ሰርተፊኬቱንም ተቀበልኩ።

ሊንኩን ለታላቅ እህቴ ላክሁላት። ወዲያው ደወለች።

«ምንድን ነው የላክልኝ?»

«የሠራሁት ዌብሳይት ነዋ።»

«እሱማ ገብቶኛል። ጉንዳን ጉንዳን የሚያክል ጽሑፍ ነው የሚታየኝ። በጣቴ ሳሰፋው ደግሞ ግማሹ ይሸሻል። እንደው ይሄን ለማን ነው የሠራኸው?»

እሷ የከፈተችው በስልኳ ነው። ሰው ሁሉ ሊንክ ሲላክለት የሚከፍተው በስልኩ ነው። በማሠልጠኛው ውስጥ ግን «እስቲ በስልክ እንየው» ያለ ሰው አልነበረም።

አሠልጣኛችንን ሄጄ ጠየቅኳቸው። ስልኬን ተቀብለው አዩት፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ መለሱልኝ። «እሱ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ነው ያለው» አሉ። ሁለተኛው ደረጃ የሚከፈለው ለብቻው ነው። እስከዚያስ ምን ላድርግ? «እስከዚያ ከላይ ‹ይህ ገጽ በኮምፒውተር ቢከፈት ይመረጣል› የሚል ጽሑፍ አድርግበት።»

ምን ትሏቸዋላችሁ? አመስግኜ ወጣሁ። በኋላ የማሠልጠኛውን የራሱን ዌብሳይት በስልኬ ብከፍተው ወደ ጎን ይሮጣል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ለብቻዬ ነው የታገልኩት። በቅደም ተከተሉ ልንገራችሁ፤ ጀማሪ ሁሉ እዚሁ ጋ ነው ፍዳውን የሚያየው።

መጀመሪያ ያገኘሁት የቪውፖርት መስመርን ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 አይፎን ሲወጣ ዌብሳይቶች የተሠሩት ለኮምፒውተር ነበር። ስለዚህ የስልኩ ብሮውዘር «እኔ 980 ፒክሰል ወርድ አለኝ» ብሎ ይዋሻል፤ ገጹን በዚያ ልክ ይዘረጋና አጥፎ አሳንሶ ያሳያችኋል። ሌሎቹም ስልኮች ተመሳሳይ መንገድ ተከተሉ። ይህን ውሸት የሚያስቆመው በኤችቲኤምኤሉ ራስጌ ውስጥ የሚገባ አንድ የሜታ ታግ ነው። ስሙ ቪውፖርት ነው፤ የሚለውም «ወርድህን ከመሣሪያው ወርድ ጋር እኩል አድርግ» ነው። አንድ መስመር! ማሠልጠኛው በሰጠን ፋይል ውስጥ እሷ አልነበረችም። ቪኤስ ኮድ ላይ አዲስ የኤችቲኤምኤል ፋይል ከፍታችሁ የቃለ አጋኖ ምልክት ጽፋችሁ ታብን ብትጫኑ እንኳ መስመሯ ራሷ ትመጣለች።

ጨመርኳት። ባሰበት። ጽሑፉ ተነበበ፣ ገጹ ግን ከስልኩ ወጥቶ ወደ ቀኝ ሄደ። 1200 ፒክሰል ተብሎ የተቆረጠ ነገር 360 ፒክሰል ወርድ ያለው ስልክ ላይ እንዴት ይገባል? ስለዚህ «ወርድ 1200» የሚለውን አውጥቼ «ከፍተኛው ወርድ 1200» አደረግኩት፤ ማክስ ዊድዝ የሚባለው ነው። ስክሪኑ ሲሰፋ እስከዚያ ይሄዳል፣ ሲጠብ አብሮ ይጠባል። ለፎቶዎቹም ከፍተኛው ወርድ መቶ ፐርሰንት፣ ቁመቱ አውቶ።

አሁንም ትንሽ ወደ ጎን ይንሸራተታል። ይሄኛው ነው ጭንቅላቴን ያዞረው። ሁሉም መቶ ፐርሰንት ነው፤ ታዲያ ከየት መጣ? ሒሳቡ እነሆ። ሲኤስኤስ ወርድ ሲል ከተፈጥሮው የሚቆጥረው የይዘቱን ወርድ ብቻ ነው። ፓዲንጉን፣ ማለትም በይዘቱና በሳጥኑ ጠርዝ መካከል ያለውን ክፍተት፣ ከዚያ በላይ ይጨምረዋል። ስለዚህ 360 ፒክሰል ላይ መቶ ፐርሰንት የሆነ ሳጥን በግራና በቀኝ 20፣ 20 ፓዲንግ ካለው 400 ይሆናል። አርባዋ ፒክሰል ናት የምትሮጠው። ሁለቱ ዓምዶች ደግሞ የባሰባቸው ነበሩ። እያንዳንዳቸው ሃምሳ ፐርሰንት፣ ማለትም 180፤ ፓዲንጉ ሲጨመር 220፤ ሁለቱ ሲደመሩ 440። ሁለተኛው ዓምድ ታች ወድቆ የተገኘውም ለዚህ ነው። መፍትሔው ቦክስ ሳይዚንግ የሚባለውን ለሁሉም ነገር ቦርደር ቦክስ ማድረግ ነው። ያኔ ፓዲንጉ ከወርዱ ውስጥ ይቆጠራል። አሁን ማንኛውንም ሲኤስኤስ ስጀምር የመጀመሪያው መስመር እሱ ነው።

አልጨረስኩም፤ አሁንም ጥቂት ይንሸራተታል። እዚህ ላይ ስትደርሱ ኢንተርኔት ሁሉ የሚመክራችሁ አንድ ነገር አለ። «ከጎን የወጣውን ደብቀው» ይላችኋል፤ ኦቨርፍሎውን ሂደን አድርገው ማለት ነው። እንዳትሰሙ! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ይልቅ ለገጹ አባላት በሙሉ ለጊዜው ቀይ አውትላይን፣ ዙሪያቸውን የሚከብ መስመር፣ ስጧቸው። ቦርደር አይደለም፣ አውትላይን፤ ቦርደር ቦታ ይይዛል፣ አውትላይን አይዝም። ገጹ በቀይ ሳጥን ይሞላና ከመስመር የወጣው ራሱን ያጋልጣል። የእኔው ተጠያቂ ከታች የጻፍኩት ረጅም የኢሜይል አድራሻ ነበር። መሃሉ ላይ ክፍት ቦታ ስለሌለው ብሮውዘሩ የት እንደሚያጥፈው አያውቅም፣ ዝም ብሎ ይዘረጋዋል። ረጅሙን ቃል ቆርጠህ እጠፈው የምትል ኦቨርፍሎው ራፕ የምትባል መስመር ሰጥቼው አረፍኩ።

ቀጥሎ ሜኑው። ማውዝ ሲያርፍበት የሚዘረጋ ሜኑ ነበር ያስተማሩን። ስልክ ላይ ማውዝ የለም። በቃ፣ እዚያው ሞተ። እኔ የምመክረው፣ አምስት ሊንክ ከሆነ ሁሉንም በግልጽ አስቀምጡት። ሦስት መስመር ያለው በተን ውስጥ መደበቅ ፋሽን ስለሆነ ብቻ አትደብቁ። የምትነኩትን ነገር ሁሉ ደግሞ ቢያንስ 44 ፒክሰል ቁመት ስጡት፤ ጣት እንደ ማውዝ ቀስት ሹል አይደለም።

ይሄን ሁሉ ከጠጋገንኩ በኋላ አንድ ነገር ገባኝና ፋይሉን ጣልኩት። የዓለም የመጀመሪያው ድረ ገጽ፣ የዌብ ፈጣሪው ቲም በርነርስ ሊ ሰርን በሚባለው የአውሮፓ የምርምር ተቋም የሠራው የእ.ኤ.አ. 1991ዱ ገጽ፣ ዛሬም ይከፈታል። ኮምፒውተር ላይ ክፈቱትና የብሮውዘሩን መስኮት አጥብቡት። ጽሑፉ እየታጠፈ እየታጠፈ ይገባል። ማንም ሲኤስኤስ አልጻፈለትም። ኤችቲኤምኤል ከተፈጥሮው ተጣጣፊ ነው ማለት ነው! የሚያደርቀው እኛ የምንጨምርበት ወርድና ቁመት ነው። እኔ ስታገል የሰነበትኩት ከስልኩ ጋር አልነበረም። ያ መነሻ ፋይል ካመጣብኝ ጣጣ ጋር ነው።

ስለዚህ እንደገና ስጀምር ገልብጬ ሠራሁት። ጽሑፉንና ፎቶውን ብቻ በኤችቲኤምኤል ጻፍኩ፤ ያለ ምንም ሲኤስኤስ በስልክ አየሁት። ከዚያ ፎንት፣ ከዚያ ቀለም፣ ከዚያ ክፍተት፣ ሁሉንም በጠባቡ ስክሪን። መጨረሻ ላይ መስኮቱን ቀስ እያልኩ አሰፋሁ። አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ገጹ ያስጠላል፤ መስመሩ ይረዝማል፣ ባዶ ቦታ ይበዛል። እዚያ ላይ ሚዲያ ኩዌሪ፣ «ስክሪኑ ከዚህ ሲሰፋ እንዲህ ሁን» የሚለውን የሲኤስኤስ ትእዛዝ፣ አስገባሁና ወደ ሁለት ዓምድ ቀየርኩት። ማሠልጠኛዎች የስልክና የታብሌት ወርድ በሠንጠረዥ ያስጠኗችኋል፣ 320፣ 375፣ 768 እያሉ። አትልፉ። ስልክ በየዓመቱ ይቀየራል። የሚቆረጠው የእናንተ ገጽ ሲያስጠላ ነው። ይሄ አሠራር አዲስ ግኝት እንዳይመስላችሁ፤ ዲዛይነሩ ኤታን ማርኮት «ሪስፖንሲቭ» (ለስክሪኑ ልክ የሚሆን) የሚለውን ስም ያወጣለት እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ተቀምጦ በገንዘብ የሚሸጥበት ምክንያት አይገባኝም።

ለዓምድ ፍሎት የሚባለውን የድሮ ዘዴ የሚያስተምራችሁ ካለ ትታችሁት ሂዱ። ዓምድና ረድፍ መደርደሪያ የሆኑትን የሲኤስኤስ ዘዴዎች፣ ፍሌክስቦክስንና ግሪድን፣ ተማሩ። ግሪድ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ዋና ዋናዎቹ ብሮውዘሮች ውስጥ አለ። ቡትስትራፕን የመሰለ ፍሬምወርክ (ሌላ ሰው አስቀድሞ የጻፈው ዝግጁ ኮድ) ደግሞ አሁን አትንኩ። ብዙዎች «ጊዜ ይቆጥባል» ይላሉ። ይቆጥባል፤ ግን ያቺ አርባ ፒክሰል ከየት እንደመጣች ሳታውቁ ከገባችሁበት ሲበላሽ ድርቅ ብላችሁ ነው የምትቀሩት።

ስለ አማርኛ ጽሑፍም አንድ ነገር። የምትጠቀሙበትን ፎንት ራሳችሁ ከገጹ ጋር ጫኑ፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በነጻ ይገኛል። ቦልድ ከፈለጋችሁ የቦልዱን ፋይልም ጨምሩ። ካልጨመራችሁ ብሮውዘሩ ቀጭኑን ፊደል ራሱ ያወፍረዋል፣ ያኔ እነ ጭና ጬ ሆዳቸው ተደፍኖ ጥቁር ነጥብ ይሆናሉ። በመስመሮቹ መካከል ያለውንም ክፍተት ከእንግሊዝኛው ከፍ አድርጉት። እኔ 1.8 ላይ ነው የማደርገው።

የክሮም የመሥሪያ መስኮት፣ ኤፍ 12 ስትጫኑ የሚመጣው፣ ስልክ አስመስሎ ያሳያል። ጥሩ ነው፣ ግን አትመኑት። እውነተኛ ስልክ ላይ እዩት። ቪኤስ ኮድ ላይ ገጹን ለሌላ መሣሪያም የሚያሳየውን ላይቭ ሰርቨር የሚባለውን ጫኑ፣ ስልኩንና ኮምፒውተሩን አንድ ዋይፋይ ላይ አድርጉ፣ ስልኩ ብሮውዘር ላይ የኮምፒውተሩን አይፒ አድራሻና 5500 ቁጥርን በሁለት ነጥብ (:) ለይታችሁ ጻፉ። ካልከፈተ የኮምፒውተሩን መከላከያ፣ ፋየርዎሉን፣ እዩት። አንድ ፊደል ስትቀይሩ እጃችሁ ላይ ይቀየራል።

ከዚያ ስልኩን ይዛችሁ ፀሐይ ላይ ውጡ። ቤት ውስጥ ሲያምር የነበረው ግራጫ ጽሑፍ ውጪ አይነበብም። የዌብ ተደራሽነት መመሪያው በተለመደ መጠን ጽሑፍና በጀርባው ቀለም መካከል ቢያንስ 4.5 ለ 1 የድምቀት ልዩነት ይጠይቃል፤ ክሮም ላይ የጽሑፉን ቀለም ስትጫኑ ቁጥሩን ያሳያችኋል። የእኔው ግራጫ ከሦስትም በታች ነበር። ያ ግራጫ ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ? ከመነሻው ፋይል።