48 ካርድ አሳትሜ አንዱም አልከፈተም

ይሄን የአፕ ነጻ መክፈቻ ኮድ ነገር የምጽፈው ለኔ ማንም ስላልነገረኝ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ ለሚማሩ ልጆች ፊደል የሚያስቆጥር አፕ ሠራሁ። ከ«ሀ» እስከ «መ» ለሁሉም ክፍት ነው፣ የቀረው በ4.99 ዶላር ይከፈታል። ለትምህርት ቤቱ ልጆች ግን በነጻ እከፍታለሁ ብዬ ቃል ገባሁ።

መጀመሪያ አፑ ውስጥ ልጆቹ ኮድ ጽፈው የሚከፍቱበት የራሴን ሳጥን ላስገባ ነበር። ጓደኛዬ አስጣለኝ። የአፕል ደንብ 3.1.1 በራስህ ኮድም ሆነ በኪውአር ይዘት መክፈት ይከለክላል። ኮዱ ከስቶሩ፣ አፑ ከሚወርድበት ገበያ ራሱ፣ መምጣት አለበት። ጉግል ፕሌይ ላይ በሦስት ወር እስከ 500 ኮድ ታወጣለህ፣ የሚያበቃበትን ቀንም ራስህ ትሞላለህ። የአንድ ቡና ሥራ ነው።

ጉዴ የፈላው በአይፎኑ ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 20 ቀን 2023፣ ሰኞ ማታ፣ 48 ኮድ አወጣሁ። ኮዶቹን የያዘውን ካርድ ከነአንበሳ ሥዕሉ አሳምሬ አሳተምኩ። ለቅዳሜ ደርሶ ነበር እኮ! የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ «ለፋሲካው ዝግጅት ይቆይ፣ ያምራል» አለ። እሺ አልኩ። አንዱ ደግሞ ካርዱን በ2 ዶላር እንሽጠው ብሎ ተነሳ፤ የስቶር ነጻ ኮድ አይሸጥም ብዬ በስንት ጭቅጭቅ አስተውኩት። በዚህ ስነታረክ ዋናው ነገር አመለጠኝ። የኮዱ ዕድሜ ያኔ 28 ቀን ነበር፣ የሚቆጠረውም ካወጣኸው ቀን ጀምሮ እንጂ ልጁ እጅ ከገባበት አልነበረም። ቀኑ እኮ እዚያው ተጽፏል፣ አይቼዋለሁም። ፋሲካ ኤፕሪል 16 ዋለ፣ ኮዱ በማግስቱ ሞተ፣ እኛ ያደልነው ኤፕሪል 22።

አንድ ልጅ በአንድ እጁ ድፎ ዳቦ ይዞ፣ በሌላው የኮዱን አሥራ ሁለት ፊደልና ቁጥር አንድ በአንድ ነካካ። አይሰራም። እናቱ ተቀብላ ሞከረች። አይሰራም። አጠገቡ ያለው ባለ ሳምሰንግ ልጅ «ሠ»ን አልፎ እየጮኸ ይቆጥራል። እናትየው ቀና ብላ «ወንድሜ፣ ልጄ ፊት ውሸታም አደረግከኝ» አለችኝ። የምመልሰው ጠፋኝ። ኮሚቴው የት እንደገባ እንጃ።

ደግነቱ አፕ ውስጥ ለሚሸጥ ለአንድ ነገር ያኔ ይፈቀድ የነበረውን 100 ኮድ በአንዴ አልጨረስኩትም ነበር። ማታውኑ ሌላ 48 አውጥቼ ለየወላጁ በዋትስአፕ ላክሁ፣ ሲነጋ አለቀ።

እንግዲህ ምክሬ፦ ኮድ ወረቀት ላይ አታትም። ያማረ ካርድ ምናምን እርሳው። በሚታደልበት ጠዋት አውጣ፣ የስቶሩን ማስገቢያ ሊንክ ጨምረህ በስልክ ላክ። መመሪያው ከዚያ የረዘመ ቀን ቢሰጥህም አንተ ሁለት ሳምንት ነው ብለህ ንገራቸው፣ አለዚያ ማንም ቶሎ አይከፍትም። ኮሚቴ ቀን ላራዝም ካለ ደግሞ ኮዱን ገና አላወጣሁም በል።

ካርዶቹ አሁንም መኪናዬ ውስጥ አሉ። ልጄ ጀርባቸው ላይ ድመት ትስልባቸዋለች።