ዝምተኛዋ ነፍሰ ጡር የት ትማር?

የመጀመሪያ ልጄን ባረገዝኩ በስድስተኛው ወር፣ እዚሁ ደሴ፣ በአንድ ጤና ጣቢያ በየወሩ በሚካሄደው የነፍሰ ጡር እናቶች ኮንፈረንስ ላይ ተገኘሁ። ሠላሳ የምንሆን ሴቶች በአግዳሚ ወንበሮች ላይ ተደርድረን ነበር፤ በአንድ ጥግ ቡና ይፈላል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ከፊት አዋላጅ ነርሷ የምጥን ምልክቶች በሥዕል ታስረዳለች። ከእኔ ሁለት ወር ዘግይታ ያረገዘችው ታናሽ እህቴም ከኮምቦልቻ መጥታ አጠገቤ ተቀምጣለች። እርሷ አቦሉ ሳይወርድ ሦስት ጥያቄዎች ጠየቀች፤ በስተቀኟ ከተቀመጠችው ሴት ጋርም ስልክ ተለዋወጠች። እኔ ግን ለሳምንታት ሳብሰለስለው የከረምኩትን አንድ ጥያቄ እንደያዝኩ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ጥያቄዬ፣ ምጡ ሲበረታብኝ ድምፄን መቆጣጠር ቢያቅተኝ አጠገቤ ያሉት ሰዎች እንዴት ያዩኛል የሚል ነበር። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ይህን ከአፌ ማውጣት አልቻልኩም።

ያን ዕለት ትምህርቱ ደካማ ነው ብዬ ደመደምኩ። ፍርዴ ትክክል እንዳልነበረ የገባኝ ዘግይቶ ነው። እህቴ በዚያው ክፍል፣ ከዚያችው አዋላጅ፣ በዚያው ሰዓት ብዙ ተምራ ወጥታለች። ልዩነቱ የነበረው እርሷ ስትፈራ ሰው ስለምትፈልግ፣ እኔ ግን ስፈራ ከሰው ስለምሸሽ ነው።

ስለዚህ ለወሊድ የሚያዘጋጅ ትምህርት የምትፈልግ ሴት ከሁሉ አስቀድማ ራሷን እንድትጠይቅ የምመክረው፣ በሕይወቷ ከባድ ፍርሃት ባጋጠማት ጊዜ ምን እንዳደረገች ነው። ፈተና ሲደርስ፣ ቤተሰብ ሲታመም፣ ዜና ሲጠበቅ፣ አንዳንዱ ሰው ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ካላወቀ አይረጋጋም፤ አንዳንዱ እጁ ሥራ ካልያዘ ይጨነቃል፤ አንዳንዱ የሚተማመንበት አንድ ሰው አጠገቡ ካለ ሌላው ሁሉ ይቀልለታል። የወሊድ ዝግጅት ትምህርት በሌላው ዓለም የተለያየ መልክ የያዘውም፣ እኔ እንደምረዳው፣ እነዚህ የተለያዩ ባሕርያት ስላሉ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ግራንትሊ ዲክ-ሪድ እ.ኤ.አ. በ1933 ባሳተመው ሥራው ፍርሃት ሰውነትን እንደሚያወጥር፣ የተወጠረ ሰውነትም ሕመሙን እንደሚያብስ፣ ሕመሙ ደግሞ ተመልሶ ፍርሃትን እንደሚወልድ አስረድቷል፤ የእርሱ መንገድ ያላወቀችው ነገር ለሚያስፈራት ሴት ይስማማል። ፈረንሳዊው ፈርናንድ ላማዝ እ.ኤ.አ. በ1951 ወደ ሶቪየት ኅብረት ተጉዞ በዚያ ያየውን ልምድ ፓሪስ ላይ ሥራ ላይ ሲያውል ለምታምጠው ሴት የምትሠራው ነገር ሰጣት፤ ምጡ ሲመጣና ሲሄድ በልክ የሚለዋወጥ፣ አስቀድሞ የተለማመደችው አተነፋፈስ። ይህ እንደ እኔ ሥራ ሲይዝ ለሚረጋጋ ሰው ነው። አሜሪካዊው ሮበርት ብራድሊ ደግሞ ባልን ከበር ውጪ ከመቆም አውጥቶ የምጡ ረዳት አደረገው።

እነዚህን ስሞች የማነሣው ደሴ ላይ በስማቸው የተከፈተ ትምህርት ቤት ስላለ አይደለም። ማንኛዋም አዋላጅ የምታስተምረው ነገር ከእነዚህ ሐሳቦች አንዱን ወይም ሌላውን ስለሚይዝ፣ የትኛው እንደሚያሳርፈን ካወቅን የምንፈልገውን ለይተን ለመጠየቅ እንችላለን።

በወሎ ደግሞ ከዚህ ሁሉ በፊት የራሳችን ዝግጅት አለ። ጎረቤታችን የሆኑት እናት ለሙስሊም ነፍሰ ጡሮች ዱዓ ከሚያደርጉት ዱበርቲዎች አንዷ ናቸው፤ እኔ የማርያም ልጅ ብሆንም በበራቸው ባለፍኩ ቁጥር «አብሽሪ ልጄ» ሳይሉኝ ቀርተው አያውቁም። እናቴም «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ትለኛለች። ሴቶች ተሰብስበው፣ ቡና ተፈልቶ፣ ስለ አንዲት ነፍሰ ጡር የሚጸለየው ጸሎት ለብዙዎች ትልቅ መጽናኛ መሆኑን በዓይኔ አይቻለሁ። በኮንፈረንሱ ላይ ቡናው መፈላቱም ይህን የሴቶች መሰባሰብ ወደ ጤና ጣቢያው ስለሚያመጣ ደግ ነገር ነው። ሆኖም በዚህ መሰባሰብ ውስጥ ሆና እንኳ ብቸኝነት የሚሰማት ሴት አለች፤ ይህች ሴት ኩሩ ወይም ሰው የማትወድ ተደርጋ ባትታይ ደስ ይለኛል።

እኔን ያሳረፈኝ በሰባተኛው ወር ያገኘሁት ሌላ መንገድ ነው። አንዲት አዋላጅ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አራት ወይም አምስት ባልና ሚስት ብቻ በቤቷ ታስተምር ነበር። በመጀመሪያው ቀን ጥያቄያችንን በወረቀት ጽፈን እንድንሰጣት ጠየቀችን፤ ስም አልተጻፈበትም። የእኔን ስታነብ መልሷ አጭር ነበር፤ ድምፅ ማውጣት ነውር እንዳልሆነ፣ እንዲያውም ወፍራምና ዝግ ያለ ድምፅ ትንፋሽን ለማውጣት እንደሚረዳ ነገረችን። ሙሉ ሌሊት እንቅልፍ የነሣኝ ነገር በሁለት ዓረፍተ ነገር ቀለለ። ባለቤቴም ከእኔ ይልቅ የሚሠራው ያጣ ሰው ስለነበር፣ ወገብን እንዴት እንደሚያሽ፣ ከአንዱ ምጥ መነሻ እስከ ሌላው መነሻ ያለውን ጊዜ እንዴት በሰዓት እንደሚይዝ ሲማር ፊቱ ተለወጠ። በምርጫው ውስጥ የሴቲቱ ባሕርይ ብቻ ሳይሆን አብሯት የሚገባው ሰው ባሕርይም እንደሚቆጠር ያየሁት ያኔ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ምጥ ላይ ያለች ሴት ራሷ የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን ይመክራል፤ በየተቋሙ ያለው አሠራር ግን ስለሚለያይ፣ የምትወልድበት ቦታ ሰው ማስገባት አለማስገባቱን አስቀድማ ብትጠይቅ ይሻላል።

በመካከሉ የተውኩትም ትምህርት አለ። አንዲት አስተማሪ ጨዋ ሴት ምጥ ላይ አትጮህም፣ የሚጮህ ያልጠነከረ ነው ስትል ሰማሁና ወደዚያ አልተመለስኩም። በስልክ የሚታዩ ቪዲዮዎችም ነበሩ፤ በሌሊት ብቻዬን ሆኜ ደጋግሜ ስለማያቸው ለእኔ ባሕርይ መልካም አልሆኑም፣ ከከተማ ርቃ ለምትኖርና በራሷ ጊዜ መማር ለምትወድ ሴት ግን ሊጠቅሙ ይችላሉ።

የእህቴ ታሪክ ግን ሐሳቤን በአንድ ቦታ አስተካክሎታል። እርሷ ኮንፈረንሱን ወደደችው፣ ሌላ አልፈለገችም፣ በዚያ ያገኘቻቸው ሦስት ሴቶች እስከ ዛሬ ወዳጆቿ ናቸው። ምጧ ረዝሞ የልጁ የልብ ምት ሲዳከም በቀዶ ጥገና እንድትወልድ ተወሰነ፤ በተገኘችባቸው ቀናት ስለ ቀዶ ጥገና ያነሣ ስላልነበረ፣ ያቺ ጥያቄ የማያልቅባት እህቴ ምን እንደምትጠይቅ እንኳ አላወቀችም። ከወገብ በታች ብቻ እንደምትደነዝዝ፣ ነቅታ የልጇን ድምፅ እንደምትሰማ አስቀድሞ የነገራት ሰው ቢኖር ኖሮ ያ ሰዓት በእንዲህ ያለ ድንጋጤ ባላለፈ ነበር። ልጁም እርሷም ደኅና ናቸው። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ትምህርት በባሕርይ ይመረጥ ስል አቀራረቡን ማለቴ እንደሆነ ለይቼ እናገራለሁ። የሰው ብዛት፣ የአነጋገር ለዛ፣ ልምምድ ወይም ገለጻ መብዛቱ በባሕርይ ይመረጥ፤ ይዘቱ ግን ለዝምተኛዋም ለተናጋሪዋም አንድ ነው። ደም መፍሰስ፣ ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት፣ ትኩሳት፣ የፅንስ እንቅስቃሴ መቀነስ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም የሚያስሄዱ ምልክቶች መሆናቸውን ሁሉም ማወቅ አለባት። ለመጓጓዣ የሚሆን ገንዘብ፣ በሌሊት የሚደወልለት ሰው፣ ደም ቢያስፈልግ የሚሰጥ ዘመድ፣ ከሩቅ ቀበሌ ለምትመጣ ደግሞ በጤና ጣቢያው ያለው የእናቶች ማቆያ፣ እነዚህን ያላነሣ ትምህርት የቱንም ያህል ቢጥም ጎዶሎ ነው። ስለዚህም ኮንፈረንሱን ማንም ሴት እንድትተወው አልመክርም፤ እኔም ትንሿን ቡድን ካገኘሁ በኋላ እንኳ እየሄድኩ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ አዳምጫለሁ።

የራሴ ምጥ በሌሊት ጀመረ። የማኅፀን በር 5 ሴንቲሜትር ሲከፈት ምጡ ወደ ጠንካራው ምዕራፍ መግባቱን፣ እስከ 10 ድረስም ለመጀመሪያ ልጅ እስከ 12 ሰዓት ሊወስድ እንደሚችል ስለተማርኩ፣ አዋላጇ ቁጥሩን ስትነግረኝ የት እንደደረስኩ አውቅ ነበር፤ ለእኔ ከማደንዘዣ ያልተናነሰ እርዳታ ይህ ነበር። ባለቤቴ ወገቤን ያሻል፣ እኔ ትንፋሼን እቆጥራለሁ። ወደ መጨረሻው ድምፅ አውጥቻለሁ፤ ማንም ምንም አላለኝም።

አሁን ሁለተኛዬን አርግዤ አምስተኛ ወሬ ነው። ለቅዳሜው ቡድን ባለፈው ሳምንት ተመዝግቤአለሁ፤ አዋላጇንም ከትምህርቱ ቀናት አንዱን ለቀዶ ጥገና ብቻ እንድታውለው ለምኛት ተስማምታለች። በዚያ ቀን እህቴ ከኮምቦልቻ ትመጣለች፤ ያየችውን ራሷ ትነግረናለች።