ክላቹን ሦስቴ ፈታሁት

ባለ አራት ጎማ ሞተሬ ላይ ፋብሪካው ከገጠመለት ተለቅ ያለ ጎማ ካስገባሁ በኋላ ጉልበቱ የት እንደገባ ጠፋኝ። ድሮ ነዳጅ ሙሉ ስሰጠው በደቂቃ 6,500 ዙር ይደርስ የነበረው ሞተር 5,900 ላይ ቆመ። ዳገት ሲያይ ያቃስታል፣ የተቃጠለ ቺንጋም ይሸተኛል። ካንዴላውንም የአየር ማጣሪያውንም ጠረጠርኩ፤ ሁለቱም ንጹሕ ነበሩ።

ጥፋቱ የክላቹ ነበር። የእኔው ማሽን ካምቢዮ እየቀያየሩ የሚነዱት አይደለም፤ ሁለት ፑሊና አንድ ቺንጋ ነው። የፊተኛው ፑሊ (ክላች የምለው እሱን ነው) ውስጥ ያሉት ክብደቶች ሲሽከረከሩ ወደ ውጭ ይፈነጠሩና የፑሊውን ሁለት ፊቶች ያቀራርቧቸዋል፤ ሞላው ደግሞ ይከለክላቸዋል። ጎማው ሲከብድ ያው ክብደት ሞተሩ ጉልበት የሚሰጥበት ዙር ላይ ሳይደርስ ይጫነዋል። የገዛሁት ኪት መፍትሔ ቀላል ነው፦ ቀለል ያሉ ክብደቶች ሞተሩን ከፍ ባለ ዙር ያሠሩታል፤ ጠንከር ያለ የፊት ሞላ የሚነሳበትን ዙር ከፍ ያደርጋል፤ የኋለኛው ሞላ ደግሞ ቺንጋውን ጨብጦ ዳገት ላይ ቶሎ ወደ ጉልበተኛው ዝቅተኛ ማርሽ ይመልሰዋል።

ክዳኑን ስከፍት የቺንጋ ብናኝ እንደ ጥቀርሻ ቦነነብኝ። አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ። ዋናውን ቡሎን ፈታሁ፤ ክላቹ ግን ንቅንቅ አላለም። የተቀመጠው ሾጠጥ ያለ ዘንግ ላይ ስለሆነ እንደ ሽብልቅ ነክሶ ይይዛል። እኔ ሞኙ በካቻቢቴ ልፈለቅቀው ሞከርኩ። የፑሊውን ጠርዝ ጫርኩና ቶሎ ተውኩት፤ የተጫረ ፊት ቺንጋ ይበላል። ለዚያው ሞዴል የተሠራውን የክላች ማውጫ መሣሪያ አግኝቼ ጫፉን ግራሶ ቀብቼ ሳጠብቀው፣ ቁልፉ ሊሰበር ነው ስል «ጧ!» አለና ክላቹ እጄ ላይ ወደቀ። ልቤም አብራ የወደቀች መሰለኝ።

የሞላውን ክዳን ስፈታ ግን ተጠነቀቅኩ። ሞላው ታፍኖ የተቀመጠ ነው፤ አንዱን ቡሎን ጨርሰህ ብታወጣ ክዳኑ ተጣሞ ይዘላል። ስለዚህ ሁሉንም በየተራ ግማሽ ግማሽ ዙር እያላላሁ፣ በሌላ እጄ ክዳኑን ተጫንኩት። ክብደቶቹን በኩሽና ሚዛን መዘንኳቸው፦ የድሮዎቹ 56 ግራም፣ አዲሶቹ 50። ሁሉም እኩል መሆናቸውን አንድ በአንድ አየሁ፤ ከመካከላቸው አንዱ ቢለይ ይንቀጠቀጣልና።

እንዲያም ሆኖ ተንቀጠቀጠ። ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ ሰላም ነው፤ ነዳጅ ስሰጠው እግር ማሳረፊያው ይንዘፈዘፋል። ሁለተኛ ፈታሁት። ጉዱ የወጣው ክዳኑን በጨርቅ ስጠርገው ነው፦ ፋብሪካው ክዳኑም አካሉም ላይ የኤክስ ምልክት ጽፎባቸው ኖሯል፣ አቧራ ሸፍኖት። እኔ ክዳኑን አንድ ቀዳዳ አዙሬ ነበር የገጠምኩት። ክላቹ ተመጣጥኖ የተሠራው በዚያ አቀማመጥ ነው። ከዚያ ወዲህ ምልክት ቢኖርም ባይኖርም፣ ከመፍታቴ በፊት በነጭ ቀለም እመታበታለሁ።

ዘንጉን በፍሬን ማጽጃ አጥቤ ደረቅ አድርጌ ገጠምኩት። «ትንሽ ግራሶ ብትቀባው ለወደፊት በቀላሉ ይወጣልሃል» ያለኝ ሰው ነበር፤ አልሰማሁትም። ክላቹን ዘንጉ ላይ የሚይዘው ፍትጊያ ነው፣ ግራሶ ደግሞ ያንኑ ይነጥቀዋል። ቡሎኑን በማኑዋሉ ልክ በቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) አጠበቅኩ። አዲሱን ቺንጋ በሞቀ ውኃና በሳሙና አጥቤ፣ አድርቄ፣ ቀስቱን ወደ መዞሪያው አቅጣጫ አድርጌ አስገባሁ። የመጀመሪያውን 50 ኪሎ ሜትር ሳልጨክንበት ነዳሁ።

ከዚያ ነዳጅ ሙሉ ስሰጠው 6,800 ደረሰና የሞተሩ ዙር መገደቢያ ይቆራርጠው ጀመር። አሁን ደግሞ ክብደቱ ከልክ በላይ ቀልሏል! ኪቱ የክብደቶቹ ቀዳዳ ውስጥ የሚገቡ ትንንሽ ቪቴዎች ስላሉት፣ ሦስተኛ ፈትቼ ለእያንዳንዱ እኩል አንድ ግራም ተኩል ጨመርኩ። ይህኛው መፍታትና መግጠም 40 ደቂቃ ብቻ ወሰደብኝ። ስሞክረው 6,500 ላይ ቆመ።

ፍጥነት ጨመረ ወይ ለሚለኝ፣ አልጨመረም። ሜዳ ላይ እንዲያውም ጩኸቱ በዝቷል። ዳገቱን ግን አሁን ሳያቃስት ይወጣዋል፣ የቺንጋ ጠረኑም ጠፍቷል። የድሮዎቹን ሞላዎችና ክብደቶች ግራማቸውን ጽፌ በከረጢት አስቀምጫለሁ፤ ትንሹን ጎማ መልሼ የማስገባ ቀን ያስፈልጉኛል።