«ፎርጅድ ነው» የተባለው የእናቴ ወርቅ

ነገሩ የሆነው ፒያሳ ሳይፈርስ በፊት ነው። እናቴ አንገቷ ላይ የምታስራት አንዲት የወርቅ ሳንቲም አለች። ኤደን ድረስ እየተሻገረ ይነግድ የነበረው አያቴ ያመጣት የእንግሊዝ ሶቨሪን ናት። ባንድ ፊቷ ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ፣ በሌላው ቅዱስ ጊዮርጊስ ከነዘንዶው፣ ከሥሩ 1911። አናቷ ላይ ማንጠልጠያ ተበይዶባታል።

ዋጋዋን ልጠይቅ አንድ ወርቅ ቤት ገባሁ። ሰውዬው መዘናት፤ 8.62 ግራም። መፈተኛው ድንጋይ ላይ ፈተግ አድርጎ አሲድ ጠብ አደረገበት። «ሶቨሪን 8 ግራም አይሞላም። ያንተ ከብዷል፣ ካራቱም 18 ነው። ፎርጅድ ነው ወንድሜ፤ ከፈለግክ በ18 ሂሳብ ልውሰድልህ» አለኝ። ለእናቴ ምን ብዬ እንደምነግራት ጨነቀኝ። ግን አልሸጥኩም።

ማታ ቤት ቁጭ ብዬ ለካኋት። ሶቨሪን ባለ22 ካራት ወርቅ ነው፤ 7.98 ግራም ይመዝናል፤ ስፋቱ 22.05 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 1.52 ነው። ስፋቷም ውፍረቷም ልክ ነው። ማግኔትም አልያዛትም፤ ናስና እርሳስንም ስለማይዝ ግን ይህ ብዙ አይናገርም።

ቁርጡን የነገረኝ ውሃው ነው። ውሃ የያዘ ብርጭቆ ዲጂታል ሚዛን ላይ አስቀመጥኩና ዜሮ አደረግኩት። ሳንቲሟን በቀጭን ክር አንጠልጥዬ፣ ግርጌውንም ጎኑንም ሳላስነካ አጠለቅኳት። መጀመሪያ የአየር አረፋ ተጣብቆባት ቁጥሩ ተዛባብኝ። በጣቴ አራግፌ ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ሦስቴም 0.50 ግራም አለ፤ ሳንቲሟ የገፋችው ውሃ ክብደት ማለት ነው። 8.62ን ለ0.50 ሳካፍለው 17.2 መጣ፤ ከውሃ ስንት እጥፍ እንደምትከብድ መሆኑ ነው። ባለ22 ካራት ወርቅ 17.5 አካባቢ ነው፤ እርሳስ 11.3፣ ናስ ደግሞ 8.5 ገደማ። እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ታዲያ 18 ካራቱ ከየት መጣ? በነጋታው ዶሮ ማነቂያ ወደሚሠሩ አንድ ሽማግሌ አንጥረኛ ሄድኩ። አጉሊ መነጽራቸውን አድርገው ትንሽ አዩና፣ «የቱ ጋ ነው የፈተጋት?» አሉኝ። ጭረቱን አሳዩኝ። ማንጠልጠያው ላይ ነው! «ልጄ፣ ሰውዬው የፈተነው ይሄን ነው። ክብደቱንም የጨመረው ይኸው ማንጠልጠያ ነው።» ውሃውም ከ17.5 ትንሽ የጎደለው ባለ18 ካራቱ ማንጠልጠያ ከባለ22ቱ ወርቅ ቀለል ስለሚል ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንም ወርቅ ሲፈትንልኝ የቱን ቦታ እንደነካ በዓይኔ ሳላይ አልቀበልም።

«ጋሼ፣ እንግዲያው እውነተኛ ናት?» አልኳቸው። «ወርቁ ነው። ሳንቲሙ ገና ነው» አሉኝ። ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር። በ1950ዎቹና 60ዎቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ቤሩት ውስጥ ሳይቀር፣ በእውነተኛ ወርቅ ሐሰተኛ ሶቨሪን ይመታ ነበር። እንዲህ ያለውን ውሃም ድንጋይም አይይዘውም፤ ዓይን ነው የሚይዘው። ከመሳቢያቸው ሌላ የ1911 ሶቨሪን አውጥተው ጎን ለጎን አስቀመጧቸው። የጠርዙን ጥርሶች አዩ። ሐሰተኛው ቀልጦ በቅርጽ ከፈሰሰ ፊቱ ላይ ጥቃቅን ቀዳዳ እንደሚተው ነገሩኝና ፈለጉ፤ የለም። ከዓመተ ምሕረቱ በስተቀኝ የቀራጩ የፒስትሩቺ ስም ሁለት ፊደላት አሉ፤ ጤፍ አያክሉም። የኛዋም ላይ ጥርት ብለው ይነበባሉ። «አንድ ናቸው» አሉ።

ላስወልውላት ስል ተቆጡኝ። መወልወልም ሞረድም የአሮጌ ሳንቲምን ዋጋ ይበላል።

እናቴ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ፊቴን አይታ ገባት። ዋጋዋን አልጠየቀችኝም፤ አንገቷን ዝቅ አደረገች፣ ክሩን ራሴ አሰርኩላት።