ጋሼ፣ ቀስ ብለው ይነሱ

ስለ ሽንት መድኃኒት የሚመጡ አባቶች ባንኮኒው ሰው እስኪያጣ ይጠብቃሉ። የሳል ሽሮፕ የምትገዛው እናት እስክትወጣ የጥርስ ሳሙና ዋጋ ሲያነቡ ይቆዩና አራት ቦታ የታጠፈ ማዘዣ ያቀብሉኛል። «ወንድ ባለሙያ የለም?» የሚሉኝም አሉ። የለም ጋሼ፣ እኔው ነኝ።

ማዘዣው ላይ ብዙውን ጊዜ የማነበው ታምሱሎሲን 0.4 ሚሊ ግራም ነው፤ አልፋ ብሎከር ከሚባሉት መድኃኒቶች አንዱ። ዕድሜ ሲገፋ ፕሮስቴት የሚባለው የወንዶች እጢ እያደገ የሽንት መውጫውን ያጠብባል። በእጢውና በፊኛው አንገት ያለው ጡንቻም ከነርቭ በሚመጣ ትእዛዝ ይኮማተራል። መድኃኒቱ ትእዛዙ የሚገባበትን በር ዘግቶ ጡንቻውን ያላላዋል። እጢውን ግን አያሳንሰውም፤ ያ እንደ ፊናስተራይድ ያሉት ሥራ ነው፣ እሱም ወራት ይፈልጋል። «ተሽሎኛል» ብለው ታምሱሎሲኑን ያቆሙ ሰዎች ችግሩ ተመልሶ ሲመጣባቸው የሚገረሙት ይህን የነገራቸው ስለሌለ ነው።

ያው ጡንቻ በደም ሥሮች ግድግዳም አለ። ሰው ብድግ ሲል የደም ሥሮች ጠበብ ካላሉ ደሙ ወደ እግር ይወርዳል፣ ዐይን ይጨልማል። ታምሱሎሲን በዚህ ረገድ ለዘብ ያለ ነው። ዶክሳዞሲንና ቴራዞሲን ለደም ግፊትም የሚታዘዙ ስለሆኑ ይበረታሉ፤ የመጀመሪያው ኪኒን በትንሽ መጠን፣ ወደ መኝታ ሲሄዱ የሚዋጠውም ለዚህ ነው። ለግፊት ብቻ ግን ዛሬ ቀዳሚ ምርጫ አይደሉም። አልሃት በተባለው ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ዶክሳዞሲን በወሰዱት ላይ የልብ ድካም በዝቶ በመታየቱ ያ የጥናቱ ክፍል እ.ኤ.አ. በ2000 ተቋርጧል።

እኔን የሚያሳስበኝ ዐቢይ ጾም ነው። ታምሱሎሲን በየቀኑ ከአንድ ዓይነት ገበታ በኋላ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ይወሰዳል። በባዶ ሆድ ሲዋጥ ወደ ደም የሚገባው ይበዛል፣ ይፈጥናልም። ከቁርስ በኋላ መዋጥ የለመዱ አባት ጾም ሲገባ ቁርሱን እንጂ ኪኒኑን አይተዉም። ከዚያ ቅዳሴ ይቆማሉ። ስቅለት ሲደርስ ደግሞ ስግደቱ አለ፤ ወድቆ መነሳት፣ ወድቆ መነሳት። አንድ ደንበኛዬ ግንባራቸው ላይ ፕላስተር ለጥፈው መጡና «ድካም ነው ልጄ» አሉኝ። ኪኒኑን መቼ እንደሚውጡ ጠየቅኋቸው። «ጠዋት፣ ገና ምንም ሳልቀምስ።» ከሐኪማቸው ጋር ተነጋግረው ወደ ማታ ራት አዛወሩት። ስግደቱን ይተዉ አላልኳቸውም፤ ብልም አይሰሙኝም።

የማይነግሩኝ ነገርም አለ። የዘር ፈሳሽ ሊቀንስ ወይም ወደ ፊኛ ሊመለስ ይችላል፤ አደጋ የለውም፣ መድኃኒቱ ሲቆም አብዛኛውን ጊዜ ይስተካከላል፤ ያልተነገረው ሰው ግን ይደነግጣል። ለስንፈተ ወሲብ የሚወሰደውን ሲልደናፊል (ቫያግራ) ከሌላ ቦታ ገዝቶ የሚደርብም አለ፤ ሁለቱም ግፊት ስለሚያወርዱ ሐኪሙ ማወቅ አለበት።

የዐይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ያላቸውንም እጠይቃለሁ። «ለዐይን ሐኪም የሽንቴ ነገር ምን ያደርግለታል?» ይሉኛል። ብሌኑን የሚያሰፋው ጡንቻም በዚሁ በር ነው የሚታዘዘው። በቀዶ ሕክምናው ሰዓት ባለ ቀለሙ የዐይን ክፍል ልፍስፍስ ብሎ ያስቸግራል፤ ቀደም ብሎ መድኃኒቱን ማቆም ችግሩን አያስቀርም። ሐኪሙ አስቀድሞ ካወቀ ግን ተዘጋጅቶ ይገባል።

የመድኃኒቱ ትንሿ የጎንዮሽ ጉዳት የአፍንጫ መታፈን ናት። ጉንፋን መስሏቸው ሱዶኤፌድሪን ያለበትን ኪኒን ሊገዙኝ ይመጣሉ፤ እሱ ደግሞ ያንኑ የላላ ጡንቻ መልሶ ያጠብቀዋል፣ ሽንት እስከ መዝጋትም ይደርሳል። አልሸጥላቸውም። ለአፍንጫ የሚሆን የጨው ውኃ አቀርባለሁ፣ «ለዚህ ነው ገንዘብ የምከፍለው?» ብለው ይቆጣሉ፣ እንከራከራለን።